ቪዲዮው በመሀል እንዳይቆም ላዘዙት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጠው «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉት ጸሐፊዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። የጸሐፊዎን ጤንነት ነጥዬ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰሞኑን ከገዛ እህቴ ይልቅ እሳቸውን ደጋግሜ ስላየሁ ተላምደናል፣ የማይንገዳገደውንም ወንበር መርጠው ይሰጡኛል። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ ደህና ነኝ። ትንሽ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ክብርዎን ለመድፈር እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። በእጄ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች «ይታይ» ተብሎ ተጽፎባቸው ከዚያ ወዲህ የታዩበት ቦታ ስለሌለ፣ ምናልባት ከማመልከቻ ይልቅ ጋዜጣ ማንበብ ይቀናዎት ይሆናል ብዬ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር።

በዓመቱ መግቢያ ላይ ከቢሮዎ በወጣ መመሪያ፣ የታሪክ ትምህርት ከእንግዲህ በኢንተርኔት በነፃ በሚገኙ ቪዲዮዎች እንዲሰጥ፣ ቪዲዮዎቹን ቢሮዎ እንዲመርጥ፣ መምህሩም «አስጀማሪ» ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። ለውሳኔው የመጀመሪያ ክፍል አመሰግናለሁ፤ በዚህኛው ምስጋና ውስጥ ምንም የደበቅኩት ነገር የለም። እኔ የቪዲዮ ጠላት አይደለሁም። የቤተ መጻሕፍታችን ብቸኛ የታሪክ መጽሐፍ ጦርነቱ ከሚታወጅበት ገጽ ቀጥሎ ያለው ገጹ የእርቁ ውል የሚፈረምበት ነው፤ መሀሉን ማን ገንጥሎ እንደወሰደው አይታወቅም። በዚህም ምክንያት ተማሪዎቼ የዓለም ነገሥታት ጠዋት ተጣልተው ከሰዓት የሚታረቁ ደጋግ ሰዎች ይመስሏቸው ነበር። የተገነጠሉትን ገጾች የመለሰልኝ ቪዲዮ ነው። መመሪያዎ ከመታሰቡ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ የራሴን ላፕቶፕ ተሸክሜ እየሄድኩ፣ ከከተማቸው ወጥተው የማያውቁት ልጆች የፈረሱ ከተሞችን ሲያዩ አይቻለሁ።

አሠራሬ ቀላል ነበር። ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ሁለት ቪዲዮዎችን እመርጣለሁ፤ እርስ በርስ የማይስማሙ ሲሆኑ ደስታዬ ነው። አንዱን እከፍትና ተራኪው አንድ ትልቅ ነገር ሲናገር አቆመዋለሁ፤ ያኔ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ ይጮህበታል። ተራኪው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ እኛም ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ቦታው ላይ ይኑር አይኑር እንፈልግለታለን። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ የተባለው ለዚሁ ነው እያልኩ አስተምራቸው ነበር። አንዳንዴ አናገኝም። ያላገኘነውንም «አላገኘንም» ብለን ደብተር ላይ እንጽፋለን።

አሁን ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማቆሚያው ቁልፍ። የቢሮዎ ሱፐርቫይዘር ክፍሌን ለመጎብኘት መጥተው በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው ሳለ፣ ልጆቹ በለመዱት መንገድ ተራኪው ላይ ሲጮሁ ደነገጡ። በሪፖርታቸውም «ተማሪዎች አስተማሪያቸውን ይሳደባሉ» ብለው ጻፉ። የተጮኸበት ሰው በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ቅሬታም እንዳላሰማ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ግን በጣም ትሁት ሰው ስለሆኑ ሳይሰሙኝ አመስግነውኝ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮ አንዴ ከተጀመረ ደወል እስኪደወል በመሀል እንዳይቆም የሚያዝ ደብዳቤ ደረሰን፤ ትእዛዙን እንዳንረሳውም አንድ ቴክኒሻን ተልኮ የኮምፒዩተሩን ማቆሚያ ቁልፍ በፕላስተር ሸፍኖልን ሄደ። የሒሳብ መምህሩ አይቶ «ምነው፣ ቆሰለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ ለዚህ እንክብካቤ ምስጋና ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ የመረጡልን ቪዲዮዎች ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያጥራሉ። ሲያልቁ ደግሞ ኢንተርኔቱ ዝም አይልም፤ የሚቀጥለውን በራሱ ፈቃድ ያመጣል። ማቆም ስለተከለከለ እኛም እንቀጥላለን። ስለ ከተማችን አሮጌ ድልድይ የሚያስረዳው፣ ቢሮዎ ያጸደቀው ጥሩ ቪዲዮ እንዳለቀ ወዲያው የሚከተለው «ማንም ሊነግራችሁ ያልደፈረው የድልድዩ ምስጢር» የተሰኘ ነው። በዚህኛው ውስጥ ተራኪው መርዶ በሚያረዳ ድምፅ፣ ልብ በሚሰብር ሙዚቃ ታጅቦ፣ ድልድዩን የሠሩት ቁመታቸው ከዛፍ የሚበልጥ ግዙፋን መሆናቸውን ያበሥራል።

ልጆቹ መጀመሪያ ቀን ሳቁ። በሁለተኛው «ከየት አገኘኸው?» ብለው ጮኹ፤ ሰውየው ግን ወሬውን ቀጠለ። የማይቆም ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ጠያቂው ይደክማል። ቪዲዮው በክለሳው፣ በማጠቃለያው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንደ አዲስ ሲታይ ከረመና ልጆቹ ዝም ብለው ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ። አንዱ ተማሪ ስለ ድልድዩ ጻፍ ብዬው የጻፈውን ድርሰት «ሰብስክራይብ በማድረግ ቤተሰብ ይሁኑ» ብሎ ዘግቶታል። ለጨዋነቱ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ድምፅ ማጉያው። ስለ እሱ ምንም አልልም፤ እሱም ምንም አይልም።

አራተኛ፤ ወደ ዋናው ደረስኩ። ቢሮዎ ባዘጋጀው የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ ድልድዩን ማን እንደሠራው ተጠይቋል። ምርጫዎቹ «ሀ» ግንበኞች፣ «ለ» የጦር እስረኞች፣ «ሐ» ግዙፋን፣ «መ» መልሱ አልተሰጠም የሚሉ ነበሩ። የቢሮዎ መልስ «ሐ» ነው።

ይህንን ባየሁ ጊዜ የኅትመት ስህተት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈተናውን ያዘጋጁትን ባለሙያ ቢሯቸው ሄጄ አገኘኋቸው፤ ቅን ሰው ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ስለ ልጆቼም ጠየቁኝ። ጥያቄውን ያወጡት የጸደቀውን ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምሳቸውን እየበሉ ተመልክተው እንደሆነ፣ «አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እየመጣ ሥራውን አቀለለልኝ» ሲሉ አጫወቱኝ። የት ላይ አንዱ አልቆ ሌላው እንደጀመረ ብጠይቃቸው ግራ ተጋብተው አዩኝ። ግዙፋኑን ስጠራጠርባቸውም «ኧረ መምህር፣ በዓይኔ አይቼ! የእግራቸው ዱካ ራሱ ይታያል እኮ!» አሉኝ። ባለሙያው ከቢሮዎ በወጣው ትእዛዝ መሠረት ቪዲዮውን አላቆሙትም፤ በዚህ ረገድ ትእዛዝዎን ከሁላችንም በላይ ያከበሩ ሰው ስለሆኑ ለሹመት እንዲታሰቡልኝ በዚሁ አጋጣሚ አሳስባለሁ።

ክፍሌ በታሪክ ትምህርት ከዚህ በፊት ያልታየ ውጤት አመጣ። ቢሮዎ የላከልን የምስጋና የምስክር ወረቀት በርእሰ መምህሩ ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። የወደቀችው አንዲት ተማሪ ብቻ ናት፤ ጓደኞቿ «መርማሪዋ» የሚሏት።

ይህች ልጅ «ሀ»ን ከከበበች በኋላ፣ ከጥያቄው ሥር ባለው ባዶ ቦታ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ስትል ጽፋለች፦ «ግንበኞች ይመስሉኛል፤ የየራሳቸውን ምልክት ጠርበውበታል፣ ከድልድዩ ሥር ወርደን አይተናል። እስረኞችም አብረዋቸው ሠርተው ሊሆን ይችላል፤ አላገኘንም። የግዙፋኑ ቪዲዮ ግን ምንጩን አይናገርም።» ለዚህ መልስ ዜሮ ተሰጣት፤ በፈተና ወረቀት ላይ አላስፈላጊ ጽሑፍ በመጻፏም አንድ ነጥብ ተቀነሰባት። ከማለፊያው ያጎደላት ይኸው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ነው።

የአንድ ልጅ ነጥብ ይህን ያህል ጋዜጣ የሚያጨናንቅ ነገር ነው ወይ ይሉ ይሆናል። ቤቷን ባያውቁት አይፈረድብዎትም። እናቷ የፀጉር ሥራ ሠርታ የምታሳድጋት ናት። የልጅቱ አጎት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለውና፣ ሴት ልጅ ይህን ያህል ፊደል ከቆጠረች ይበቃታል፣ ከመደርደሪያው ኋላ ትቁምልኝ ባይ ነው። እናትየው ስንት ለምና፣ ስንት አልቅሳ፣ ዘንድሮ ካለፈች ዳግመኛ ላይናገር ቃል አስገብታው ነበር። ውጤቱ በወጣ ማግስት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ፣ የፀጉር ቀለም የነካው ጣቷን በሻርፗ እየሸፈነች፣ «መምህር፣ አጎቷ ‹እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ያፈረሰችው እሷ ናት› ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?» አለችኝ። ልጅቱ አጠገቧ ቆማ ነበር። እኔ በሥራዬ ብዙ ጥያቄ መልሻለሁ፤ ለዚህኛው ግን ቢሮዎ ያጸደቀው ቪዲዮ አላገኘሁለትም።

ባለሙያው ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። የመልስ ቁልፉ በኮሚቴ የጸደቀ ስለሆነ ያለ ኮሚቴው እንደማይነካ፣ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው ለሚቀጥለው ዓመት ፈተና መሆኑን በሐዘኔታ አስረዱኝ። ሆኖም ደግ ሰው ናቸው ብዬ የለም? ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ ድጋሚ ፈተና አለ አይደል? ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፣ ወረቀቱ ተባዝቶ አልቋል። ሐን ትክበብና ትገላገል። ልጅቷን ለምን ታደክማታለህ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከቢሮዎ ከሰማሁት ሁሉ ለሰው የሚያስብ ምክር ይህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ፕላስተሩ እንዲነሳ አልጠይቅም፤ ጠርዙ እየተላጠ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ይነሳል። «አስጀማሪ» መባሌም አይከፋኝም፤ ከዚህ የባሰም ተብዬ አውቃለሁ። ድጋሚ ፈተናው ከመድረሱ በፊት፣ ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀይ እስክሪፕቶ ተበድረው በመልስ ቁልፉ ላይ አንዲት ፊደል ቢያርሙልኝ ይበቃኛል። ኮሚቴ የግድ ካስፈለገም ሁላችንም ድልድዩ ሥር እንሰብሰብ፤ ወንበር የለውም እንጂ ጥላ አለው፣ ምልክቶቹም በእጅ ይዳሰሳሉ። ግዙፋኑም ከመጡ ቦታ እንለቅላቸዋለን።

ለታሪክ ትምህርት ስላሳዩት አሳቢነት፣ እኔንም ከማስተማር ድካም ስላሳረፉኝ፣ ተማሪዎቼንም መልስ ከመፈለግ ስለገላገሏቸው፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሥራዎ ይቅናዎ፤ ስብሰባዎም አንድ ቀን ይለቅ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞው የታሪክ መምህር፣ የአሁኑ አስጀማሪ

ይድረስ ካልኩ በኋላ፤ ደብዳቤው ወደ ጋዜጣው ከመሄዱ በፊት ልጅቱ ድጋሚ ፈተናው ነገ መሆኑን ልትነግረኝ መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች «ቲቸር፣ የቱን ልክበብ?» አለችኝ። ከቢሮዎ መልስ እስኪመጣ ቆዪ እንዳልላት ፈተናው አይቆይም፤ «ሀ»ን ክበቢ እንዳልላት የአጎቷ መደርደሪያ ታየኝ። «ሐን ክበቢ፣ ከሥሩም ምንም አትጻፊ» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄደች። ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ከተማሪዎቼ አንዷ ከሆነች ጀምሮ የነገርኳትን ነገር ለምን ሳትል ተቀብላኝ አታውቅም ነበር። ታልፋለች። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ ያስመዝግቧት፤ ውጤቱ የእርስዎ ነው።