የሚስተር ፔቲት ናስ ቀብር

ለእህቴ ለቲርዛ፣ ቨርጂኒያ ካለው የጦር ሰፈራችን፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከቅማል በቀር ደህና ነኝ። በይ ቁጭ ብለሽ መርዶሽን ስሚ፤ ትናንት በወታደር ክብር ቀብረን ተመለስን። ኧረ አታልቅሺ! ሟቿ የሰፈራችን ነጋዴ የሚስተር ፔቲት የናስ ሳንቲም ናት።

ስሙን አሳትሞ ያሠራት ራሱ ነው፤ መልስ ስንጠይቀው እሷን ይሰጠናል፤ ከእሱ ድንኳን ሌላ የትም አትገዛም። ትናንት ድንኳኑን ሊነቅል ሲል በዚህችው ናስ በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ ስጠኝ ብለው፣ "ወደ ሌላ ጦር መሄዴ ነው፤ የእኔ ናስ እዚህ አበቃላት" አለኝ። ኮኩ ደግሞ ሰሞኑን ምግብ እንቢ ላለው ለወንድማችን ለሳይላስ ነበር።

ሳንቲሟን በጥይት ሣጥን አድርገን፣ ከበሮ እየመታን በፔቲት ድንኳን በር ላይ ጉድጓድ ቆፈርንላት። "አንቺ ምስኪን፣ የወለደ አባትሽ በቁምሽ ካደሽ!" እያልኩ ሙሾ አወረድኩ። ሰፈሩ በሳቅ ሲያውካካ ሻምበሉ "ምንድነው?" ብሎ መጣ። ፔቲት ደንግጦ፣ "እንካ፣ አንተ የሰይጣን ቁራጭ! ጥፋ ከፊቴ!" ብሎ ቆርቆሮውን ወረወረልኝ።

ሳይላስ ለእኔ አስተርፎ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። አሁን በሐኪሙ ድንኳን ተመቻችቶ ተኝቶ፣ ሁለት ፍሬ በልቶ "የቀረውን አንተ ጨርሰው" አለኝ። ቀብሩን ስነግረው ግን ሳቀና "ጅል!" ብሎ ሰደበኝ። ስድቡ እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር! የማይጽፍልሽ እጁ ሰንፎ ነው፤ ለእማማም እንደዚያው በያት። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ግን ቶሎ ላኪ።

ጎረቤቱን ሁሉ፣ ያቺን ተዋጊ ዝይሽን ጨምሮ፣ ሰላም በይልኝ። መርዶ ያልኩሽ ይኸው ነው፤ የአንዲት ናስና የሁለት ፍሬ ኮክ ነገር።

ታናሽሽ ኤቤን