የዶክተር ፅዮናዊት ጋሻው ሕይወትና የዳማከሴው ልኬት

ይህን ጽሑፍ የተማረ ሰው ይጻፈው ተብሎ ነበር። ስለ እኔ «አሰገደች ትምህርት ቤት አልገባችም፣ ስለ ኬሚስትሪ ምን ታውቃለች» ተባለ፤ ያውም እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ። ፊደል የለየሁት ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። አንቺ እያልኩ ያሳደግኋትን ልጅ ዛሬ ለወጉ እርሳቸው እላለሁ።

ዶክተር ፅዮናዊት ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ጋሻው ፀጋዬና ከወይዘሮ ሰብለወርቅ ገለታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1983 ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሠፈር ተወለዱ። እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስላረፉ ያደጉት በእኔ በአክስታቸው እጅ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ተማሩ። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ፣ ሠፈሩ በሶማሊኛ፣ ቤቱ በአማርኛ ነበር፤ ሲናደዱ በሦስቱም ይናገሩ ነበር። በ2002 ለትምህርት ፈረንሳይ ሄደው በ2011 በኬሚስትሪ ዶክተር ሆነው ተመለሱ። እዚያው ቅሪ ያላቸው ብዙ ነው። እኔም ብያለሁ፤ አልሰሙኝም። በ2013 የወደብ ሠራተኛውን አቶ አልአዛርን አግብተው ልጃቸውን በእምነትን ወለዱ።

ሥራቸው በቤተ ሙከራ ከመድኃኒት ቅጠሎች ውስጥ ፌኖል የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ለይቶ ማውጣት ነበር። ቅጠሉ እኔ ከድሬዳዋ በጭነት መኪና እያስመጣሁ ካርቲየ 4 የምሸጠው ዳማከሴ ነው፤ ለምች ጨምቀን የምንጠጣው። የሚፈልጉትን ንጥረ ነገር ተገዝቶ ከመጣ ጠርሙስ ይወስዱና ፖሊመር የሚሉትን ፕላስቲክ መሰል ነገር በዙሪያው ያጠነክሩበታል። ከዚያ ያንን አጥበው ያወጡታል፤ በፖሊመሩ ውስጥ ልክ የእሱ ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ይቀራል። የቅጠሉ ጭማቂ ሲያልፍ ያ ንጥረ ነገር ቦታውን አግኝቶ ይያዛል፣ ሌላው ያልፋል።

በ2022 ከዳማከሴው ብዙ ፌኖል ወጣ ተባለ። ኬክ ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ። እርሳቸው ግን ቅጠል ያልነካው ንጹሕ ፈሳሽ ቢያሳልፉበት ያው ነገር ወጣ። መጀመሪያ ከጠርሙሱ ያስገቡት ከፖሊመሩ በደንብ ታጥቦ አልወጣም ነበር። «እቴቴ፣ የራሴን ነው መልሼ የለካሁት» አሉኝ። ሄደው ለሁሉም ተናገሩ፤ ማንም ሳይደርስባቸው። ከዚያ ወዲያ ኬክም ፎቶም የለም፤ «አልሆነላትም» ተባለ። እንደገና ሠርተው ፖሊመሩን ሁለት ዓመት በኮምጣጤ ሲያጥቡ ከረሙ፤ ቤት ሲገቡ ኮምጣጤ ይሸቱ ነበር። አዲሱ ቁጥር የፊተኛውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። «ትንሽ ነው፤ ግን የቅጠሉ ነው» ብለው ያን ቀን ጠግበው በሉ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሆዳቸውን አመማቸው። የቆሽት ካንሰር ነው ተባለ። እዚህም አዲስ አበባም ታከሙ፤ ማክሰኞ ጁን 10 ቀን 2025 በ42 ዓመታቸው አረፉ። ፊታቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ውኃው ሞቃት ነበር፤ በዚህ ወር ከቧንቧ የሚወጣው ሁሉ ሞቃት ነው። አላለቀስኩም። ይመጣል ይሉኛል፤ እስካሁን አልመጣም።

ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸውና ከእኔ ተለዩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናት ከአባታቸው ጋር አንድ ላይ ያሳርፍልን፤ ለበእምነትም ዕድሜ ይስጥልን።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሥራ ኃላፊያቸው አቶ ከይረዲን ትናንት ለቅሶ ቤት መጥተው አጽናኑኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። ከዚያ የፊተኛውን ትልቁን ቁጥር ለሳይንስ ጉባኤ በስማቸው እንልካለን፣ ለስሟ የሚመጥነው እሱ ነው አሉ። ቤቱ ሰው ሞልቶበት ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን ዝም አልልም። ያንን ቁጥር እርሳቸው ራሳቸው በአፋቸው ውድቅ አድርገውታል፤ ዛሬ ተነሥተው አይሆንም ማለት አይችሉም። አቶ ከይረዲን፣ የሐረር ልጅ ነዎት፣ አማርኛዬ ይገባዎታል። ትንሹን ይላኩ፤ ካልሆነ ስሟን ከወረቀትዎ ላይ ያንሱት። አፈር ሳይመለስባት፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እሺ ይበሉኝ።