የሶስና ጣሪያ

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20

ሶስዬ፣ በዝንጅብል ብስኩት የሚሠራውን ትንሽ ቤትሽን ሠራሁልሽ። በየዓመቱ ስትለምኚ እማዬ «ጾሙ ይፈታና» ትልሻለች። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሱቁ የፈረንጆቹን የገና ከረሜላ አንስቶ ይጠብቅሻል። «የኛ ገና ሁልጊዜ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው!» ብለሽ ታኮርፊያለሽ።

ዛሬ እማዬ ከአርባሽ ተዝካር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ገባች። በሩ ላይ ቆማ «ብቻህን ምንም አትሆንም አይደል?» አለችኝ። «ምንም አልሆንም» አልኳት።

እሷም እንድትቀምስ ብዬ ሊጡን በቅቤ ፋንታ በዘይት አቦካሁት። ማጣበቂያው መሆን የነበረበት ስኳርና የእንቁላል ነጭ ነበር። እንቁላሉን ትቼ ስኳሩን በውሃ በጠበጥኩት። ብትኖሪ «አባ መነኩሴ!» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። ግድግዳው ቆመ፤ ጣሪያው ግን እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እማዬ ናት። ጣሪያውን ብለቀው ይወድቃል፤ ባላነሳ ደግሞ ትደነግጣለች። በአፍንጫዬ ነክቼ ስፒከር ላይ አደረግኳት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«የሶስናን ጣሪያ ይዣለሁ።»

ከኋላዋ የሥራ ቦታዋ አሳንሰር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። እሷ ስልኩን አልዘጋችም፤ እኔም እጄን አላነሳሁም።