ሆዱ የተነፋው ባትሪ

ልጄ ሞገስ፣ ብዕሩን የያዘችው እህትህ ዓይናለም ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ ነው። የደብረ ታቦር ኢየሱስ ባለህበት ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም አሽቷል።

የእህትህ የጽሕፈት ሱቅ ግን አላማረኝም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ ካርቶኑ አዲስ፣ ውስጡ አሮጌ ሆኖ ተገኘ። እርጥብ ሳር በልታ እንደተነፋች ላም ሆዱ አብጧል። ይግላል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እሷ እግሯን አጠገቡ ዘርግታ ስትጽፍ ትውላለች። «ጣይው» ስላት «ትንሽ ይቆይ፣ አባባ» ትላለች።

ስንት የተነፋች ላም ጎኗን በወስፌ ወግቼ አድኛለሁ! ዛሬ ይህንንም ላስተነፍሰው ወስፌዬን ይዤ መጣሁ። «አባባ፣ እንዳይነኩት! ሁለታችንንም ያቃጥለናል» ብላ መንገድ ዘጋችብኝ። አባትህ ሳጥን አይፈራም። አንተን እስክንጠይቅ ብቻ ታገሥኋት።

ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ በስልክ ትልክልሃለች። የሚታመነውን ባትሪ መርጠህ ዛሬውኑ ንገራት፤ እኔን እንቢ ያለች አንተን ትሰማለች። የወሰደህ መንገድ በደህና ይመልስህ።

በይ ዓይናለም፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢልኝ። ወስፌውን እንደያዝሁ እሰማሻለሁ።