በሁለቱም እጃቸው ሰዓት ያስሩ የነበሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሁለት ሴት ልጆች የመጀመሪያዋ ሆነው፣ በ1959 ዓ.ም. መስከረም ወር ከድንጋይ ካባው ሥር ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ገና ድክ ድክ ሲሉ ኪሳቸውን በድንጋይ ይሞሉ ስለነበር፣ የተቀደደ ኪስ መጣፍ የታከታቸው እናታቸው «ጠጠር» ብለው ጠሯቸው። ቤተሰቡም በዚሁ ስም ለመዳቸው።

ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1981 ዓ.ም. በሥነ ምድር በማዕረግ ተመረቁ። አባታቸው «ድንጋይ ለማወቅ ይሄን ያህል ዓመት? እኔን አትጠይቂም ነበር?» እያሉ ቢያሾፉባቸውም፣ የምረቃ ፎቶአቸውን ከኪሳቸው አይለዩም ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

በ1993 ዓ.ም. ማርስን የምታጠና ተሽከርካሪ ሮቦት በሚያዘጋጅ ተቋም ተቀጠሩ። ሥራቸው ተሽከርካሪዋ ወደየትኛው ድንጋይ እንደምትጠጋና የትኛውን እንደምትሰረስር መምረጥ ነበር። ተሽከርካሪዋ በ2002 ዓ.ም. ማርስ ላይ ስታርፍ የእህታችን ኑሮ ተናጋ። የማርስ ቀን ከእኛ ቀን አርባ ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ሠራተኞቹም ከእሷ ጋር ነቅተው ከእሷ ጋር ለመተኛት ሲሉ፣ በየቀኑ ሥራ የሚገቡበትን ሰዓት በአርባ አርባ ደቂቃ እየገፉ፣ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ይውሉ ነበር። እህታችን በቀኝ እጃቸው የእኛን ሰዓት፣ በግራቸው የማርስን አሰሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ «ነገ» ማለት ለተሽከርካሪዋ ፀሐይ ስትወጣ ማለት ነበር። ባለቤታቸው «ሚስቴን የማገኛት በቀጠሮ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ ግን ብዙም አላሳቀም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር እናታቸው በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኙ። ታናሽ እህታቸው ደውላ «እማዬ እየጠራችሽ ነው» ስትላቸው፣ «ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ» አሉ። እናታቸው ከንጋት ጀምሮ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ጠብቀው፣ አምስት ሰዓት ላይ ዐረፉ። እህታችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩጫ ደረሱ። በግራ እጃቸው ሰዓት ገና ማለዳ ነበር። ጥንት የሐይቅ ወለል ነበረ የተባለ ድንጋይ ፎቶ ለእናታቸው ሊያሳዩ ይዘው ነበር። ታናሽየዋ እዚያው ኮሪደር ላይ «እናትሽን በድንጋይ ለወጥሻት» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ቃል አልተለዋወጡም።

በ2008 ዓ.ም. አቧራ የፀሐይ ኃይል መቀበያዋን ሸፍኖት ተሽከርካሪዋ ድምፅዋ ጠፋ። እህታችን አርባ አምስት ቀን ሙሉ ጠሯት፤ መልስ የለም። ሥራው ሲዘጋ ባልደረቦቻቸው የማርስ ሰዓታቸውን ፈቱ። እሳቸው አልፈቱም።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጉበት ካንሰር ታመሙ። ሕመሙ ጊዜ አልሰጣቸውም። በጥር ወር ልጃቸው ለአክስቷ ደውላ «አክስቴ፣ እማዬ እየጠራችሽ ነው» አለቻት። አክስትየዋም «ነገ እመጣለሁ» አለች።

ያቺ አክስት፣ ያቺ ታናሽ እህት፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማስታምመው ሰው አልነበረኝም፤ መንገድም አልተዘጋብኝም። ኩርፊያዬን አንድ ቀን ላቆየው ብዬ ነው። እጄ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በማግሥቱ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ስደርስ አልጋቸው ተነጥፎ ነበር። ልጃቸው በሩ ላይ ተቀበለችኝና እናቷ ያዘዟትን ነገረችኝ፦ «ስትመጣ፣ አረፈድሽ ብሎ የሚናገራት ሰው እንዳይኖር።»

እስካሁን ማንም አልተናገረኝም።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ተለይተውናል። የግራ እጃቸው ሰዓት በልጃቸው ፈቃድ እንደታሰረ አብሯቸው ይሄዳል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን። እማዬ፣ ዛሬም በር በሩን እያየሽ ከሆነ፣ ጠጠር መጥታልሻለች።