ስላልተሰጠው የዲፕሎማቶች ፈተና ለክቡር የምልመላ ኃላፊ

ለተከበሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምልመላና የፈተና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ወላጅ እናትዎ በሕይወት ካሉም እሳቸው ከሁሉ በላይ፣ ደኅና እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የደብዳቤ ወግ ብቻ አድርገው አይቁጠሩብኝ፤ የእናት ጤና ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በክፍልዎ አማካይነት በሚገባ ተምሬያለሁና።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ለዲፕሎማትነት እንዳመለክት የገፋፋችኝ ግን የራሴ ምኞት ሳይሆን እናቴ ናት። እናቴ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ወጣትነቷን በሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ወደ ሌላው እየሰካች የሰውን ድምፅ ባሕር ስታሻግር ኖራለች። የራሷ እግር ግን ከከተማችን ወጥቶ አያውቅም። «እኔ ዓለምን በጆሮዬ ዞሬያታለሁ፤ አንቺ ደግሞ በእግርሽ ዙሪልኝ» ትለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ስትተኛ፣ የእርስዎን የቅጥር ማስታወቂያ ከእሷ በፊት በአልጋው ላይ የነበረችው በሽተኛ ትታው በሄደችው ጋዜጣ ላይ አገኘችውና፣ ገና ከበሩ ሳልገባ «ነይ እስቲ፣ ሥራሽ ተገኝቷል» አለችኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ዝግጅቱ አመሰግናለሁ። «አፕቲትዩድ» ለምትሉት ፈተና ምን ማጥናት እንዳለብኝ ለመጠየቅ በመስኮታችሁ በኩል አንገቴን ባስገባ፣ ጸሐፊዋ ፈተናው የተፈጥሮ ችሎታን ስለሚለካ ጥናት የሚባል ነገር እንደማያስፈልገው በትሕትና ካስረዱኝ በኋላ፣ የመለማመጃው መጽሐፍ በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት እንደሚሸጥ ነገሩኝ። መጽሐፉ የቅጂ ቅጂ ስለነበር ጥቁሩም ነጩም ቅርጽ አንድ ዓይነት ሆኖ ወጥቷል። «የጎደለውን ምስል ፈልጉ» ከሚለው ሥር አራት ባዶ ክቦች ተደርድረው ነበር። ዲፕሎማት የሌለውንም ማየት አለበት ብዬ ተጽናናሁ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ እሄድና፣ በመስኮቱና በአልጋዋ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ወንበሬን አስገብቼ አጠና ነበር። ጥያቄዎቹን የምታነብልኝ እናቴ ናት፤ አንድ እጀታው የተሰበረውን መነጽሯን በሻሽ ጫፍ ከጆሮዋ ጋር አስራ። ማንበቡን ብታነብም ጥያቄዎቹን ማመን አልቻለችም። ሁለት አውቶቡሶች ከሁለት ከተሞች ተነሥተው የት ይገናኛሉ ሲባል፣ «ሹፌሮቹ ይተዋወቃሉ?» ትለኛለች። ጥያቄው ያንን አይልም ስላት፣ «ካልተዋወቁማ ይተላለፋሉ እንጂ ምን አገናኛቸው?» ብላ ገጹን ትገልጣለች። ሌላ ቀን «ሐኪሞች ሁሉ ጥበበኞች ናቸው፤ አንዳንድ ጥበበኞች ይቸኩላሉ፤ ስለዚህ ሐኪሞች ሁሉ ይቸኩላሉ ማለት ይቻላልን?» የሚለውን ስታነብ ተረኛው ሐኪም እየሮጠ አለፈ። «መልሱ ይኸው ሄደ!» አለች። ከጎኗ የተኛችው ልብስ ሰፊ የተሰፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ቀስ በቀስ ክፍሉ በሙሉ ተፈታኝ ሆነ፤ የምርጫ ጥያቄ ሲነበብ አራቱም አልጋዎች እጅ እያወጡ ድምፅ ይሰጡ ነበር። በቅርጾቹ በኩል እናቴ ዘወትር የምትመርጠው ያማራትን ነው። «ትክክል መሆኗን አላውቅም፤ ደም ግባት ግን አላት» ትላለች። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ወራት አልነበረም፤ ለዚህም ባለውለታዬ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። የፈተናው ቀን ተቆረጠ፣ ተላለፈ፣ ደግሞ ተቆረጠ፣ ደግሞ ተላለፈ። በመጨረሻ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ነገ ጠዋት መታወቂያችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ፣ ያልተገኘ በገዛ ፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል የሚል መልእክት በስልኬ ገባ። መልእክቱ ሲደርሰኝ ታናሽ ወንድሜና እኔ በኮሪደሩ ላይ ከሐኪሙ ፊት ቆመን ነበር። ሐኪሙ «ከአጠገቧ አትራቁ» እያለን ነበር።

አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ። ይህን ለወንድሜ የነገርኩት በሹክሹክታ ነው፤ ነገር ግን በጆሮዋ እንጀራ ከበላች ሴት ምን ይደበቃል? ወደ ክፍሉ ስገባ ትራሷን ተደግፋ ትጠብቀኝ ነበር። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሂጂ» አለችኝ።

«ይቅርብኝ እማዬ። ሌላ ጊዜ ይወጣል።»

«እኔ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው? ሂጂና ተፈተኚ። ይሄ ሁሉ ክፍል የተማረው በከንቱ ነው እንዴ?»

ወንድሜን በቤታችን «ዳኛው» እንለዋለን፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰውን ጠብ ካልፈረደ እንቅልፍ አይወስደውም። ያን ዕለትም ፈረደ። «ሂጂ። እኔ እዚሁ አለሁ። ትንሽ ነገር ካለ እደውልልሻለሁ» አለኝ። ጠዋት ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ከኋላዬ ለልብስ ሰፊዋ «በቀኝ እግሯ ወጣች አይደል?» ስትል ሰማኋት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። በራችሁ ላይ ጥበቃው ስልኬን በጨዋ ደንብ ተቀብሎ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተው፤ ወደ አዳራሹ አስገቡን፤ በሩም ተቆለፈ። ጣሪያው ላይ ዝናብ የሣለው ቡናማ ካርታ ነበር፤ መምህርት ነኝና የየትኛው አገር ቅርጽ እንደሆነ ስፈልግ ቆየሁ። ሁሉንም ነገር አዘጋጅታችሁ ነበር፤ የጎደለው ፈተናው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው የጥያቄው ካዝና ቁልፍ ከአንድ ኃላፊ ዘንድ እንደሆነ፣ ኃላፊውም በመንገድ ላይ እንደሆኑ ነገሩን። ከዚያም ያንኑ እንደገና ነገሩን። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወጥታ ወደ ሌላው ስትዞር እኛ ባዶ ጠረጴዛ ላይ እጃችንን አጣጥፈን እንመለከታት ነበር።

እጄን አወጣሁ። እናቴ በጠና እንደታመመች፣ ፈተናው እስኪመጣ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ደውዬ እንድመለስ እንዲፈቀድልኝ ለመንኩ። ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ የወጣ አይመለስም። መመሪያ ነው። ምርጫው የእርስዎ ነው» አሉኝ። አሁን ይጀመራል፣ አሁን ይጀመራል እያልኩ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ያ ጥበቃ በሩን ገርበብ አድርጎ ገባና ተቆጣጣሪውን በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱም ወጣ።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ራስዎ መጡ፤ ደግሞም ምን ያማረ ሱፍ ለብሰው ነበር! የዲፕሎማት የመጀመሪያው ጌጥ ትዕግሥት እንደሆነ፣ እኛም ያንን በተግባር እንዳሳየን አመሰገኑን፤ ቀጥለውም ፈተናው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሰረዙን አበሰሩን። አዳራሹ አጨበጨበ። ምስክርነቴን ሙሉ ለማድረግ እኔም ማጨብጨቤን እጨምራለሁ።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር ላወጣለት አልቻልኩም።

ጥበቃው ስልኬን በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም። «እህቴ፣ ደጋግሞ ጮኸ። ነግሬያቸው ነበር» አለኝ። የወንድሜ ጥሪዎች በላይ በላዩ ተደርድረው ነበር። መልሼ ስደውል አነሣው። ወንድሜ፣ ያ ሁሉን ፈራጅ ልጅ፣ አንዲት ቃል አጣ። ያን ጊዜ አወቅሁ።

የሆነውን የነገረኝ ከቀብር በኋላ ነው። እናቴ ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገልጣ «ገባች?» ብላ ጠየቀችው። በአንድ እጁ ስልኩን ከጀርባው ደብቆ እየደወለልኝ፣ «ገብታለች እማዬ፣ ጀምራለች» አላት። ልብስ ሰፊዋ ማልቀስ ጀምራ ነበር። እናቴ ጣቷን ከአንሶላው አውጥታ ከከንፈሯ ላይ አደረገችና «ዝም በሉ። ልጄ ፈተና ላይ ናት፤ እንዳትረብሿት» አለች። ክፍሉም እሺ ብሎ ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ የአንሶላዋን ጫፍ ነክሳ ዝም አለች። አስታማሚዎች ዝም አሉ። እናቴም ከሁሉም ጋር ዝም እንዳለች፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ አረፈች። እርስዎ ስለ ትዕግሥት ሲናገሩ፣ ክቡር ሆይ፣ በከተማው ማዶ አንዲት ሴት እኔን ላለመረበሽ ትንፋሿን እንኳ ቀስ እያደረገች እየሞተች ነበር፤ እኔ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ጣሪያ እቆጥር ነበር።

ፈተናው እንደገና ሲጠራ ጥቁር ልብሴን አላወለቅኩም ነበር። እንደማልሄድ ተናግሬ፣ መጽሐፉንም ለመቅደድ አንሥቼ ነበር። ወንድሜ ከእጄ ወሰደው። «እማዬ ዝም ያለችው ለማን ነው?» አለኝ። መጽሐፉን ከእጁ ተቀብዬ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ቁልፉም፣ ጥያቄውም፣ ሁሉም በሰዓቱ ተገኘ፤ እንደሚቻል ስላሳያችሁኝ ለዚህም አመሰግናለሁ።

አለፍኩ። ስሜን በሰሌዳችሁ ላይ ሳየው የሌላ ሰው ስም መሰለኝ። ከጎኔ የነበረች ወጣት የራሷን ስም ስታገኝ ዘልላ ስልኳን አወጣችና «እማ! አለፍኩ! እማ ትሰሚኛለሽ?» እያለች ጮኸች። እናቲቱ በዚያ ማዶ ስትስቅ ይሰማል። ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጥቂት ይዤው ቆምኩና መልሼ ከተትኩት።

የቃለ መጠይቁ ጥሪ ደርሶኛል፤ እመጣለሁ። ይህ ግልጽ ደብዳቤ ከዚያ በፊት በአደባባይ መውጣቱ እንደማይበጀኝ ወዳጆቼ መክረውኛል፤ ምናልባትም ልክ ናቸው። ነገር ግን በደላችሁን ተሸክሜ በጓሮ በር ገብቼ ወንበራችሁ ላይ ብቀመጥ፣ ውጭ አገር ሄጄ የማንን ሕዝብ ክብር ላስከብር ነው? የምለምነውም ነገር ትንሽ ነው፤ በጀት አይፈልግም፣ ኮሚቴም አያስፈልገውም። በበሩ ላይ ከተፈታኞች ስልክ አጠገብ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ደጋግሞ ሲጮኽም አንሥቶ «ማን ልበል?» የማለት ሥልጣን ይሰጠው። ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ሰው፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን ዲፕሎማት አለ?

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቁልፍ ያዡም መንገዱ እንዲቀናቸው ከልብ እየተመኘሁ፣ በትዕግሥቷ በራስዎ አንደበት የተመሰገነችው፣ ትእዛዝ አክባሪዋና አጨብጫቢዋ ተፈታኝ፣

የስልክ ኦፕሬተሯ ልጅ

ማስታወሻ፦ ያን ቀን ከማስተማር ሥራዬ ስለቀረሁ ትምህርት ቤቱ ማስረጃ ጠይቆኝ ወደ ቢሮዎ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ መዝገቡን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ በተባለው ቀን ፈተና ስላልተሰጠ በግቢያችሁ ውስጥ አንድም ተፈታኝ እንዳልነበረ በአክብሮት ነገሩኝ። ከእናንተ ዘንድ ካልነበርኩ፣ ትምህርት ቤትም እንዳልነበርኩ የታወቀ ነው፤ የምገኝበት ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነበረኝ። ስለዚህ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ በእናቴ አልጋ አጠገብ እንደነበርኩ የሚገልጽ ወረቀት፣ ፊርማዎና ክብ ማኅተም አርፎበት እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ለትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ለራሴ ነው።