ቦሪስ መርዶ ይዞ የዋለ ቀን

እሑድ

ሞትን በስልክ! የልጄን ጽሑፍ ሳነብ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወረወርኩት።

ሺራ ለቴሌቪዥን ኮሜዲ ትጽፋለች። ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ነው፦ ጌጡ ቃል ከአፉ የማይወጣ የጎንደር ሰው፣ ቦሪስ ደግሞ ተኝቶም የሚያወራ ሩስያዊ። ይህን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ጻፈችው። ቦሪስ ይደውልና "ወንድምህ ሞተ፣ አይዞህ" ይለዋል፤ ጌጡ ስልኩን ዘግቶ ሻዩን ይጠጣል። ሳቅ መሆኑ ነው።

የእኛ ሰው እንዲህ አይረዳም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቱ ሄዶ ነው መርዶ የሚነግረው። ደወልኩላት።

"ዳይ፣ አባዬ፣ በቃ! ባማዩ ረዘመ፣ አሳጥሪው ስላለኝ ነው።" በዕብራይስጥ ባማይ የሚሉት አዘጋጁን ነው።

"አሳጥሪው አለ እንጂ አዋርጂው አለሽ?"

ዘጋችብኝ።

ሰኞ

መሥሪያ ቤት የአንድ ተቋራጭ የመንገድ ንድፍ መለስኩ። የፍሳሹ ተዳፋት ወደ ሰው በር ነው። ንዴቴ ግን በእሱ አልነበረም።

ለባማዩ ልደውል ነበር። ሺራ ቀድማ ደወለች፦ "እንዳትሞክረው! አባቷን ላከች ይሉኛል።" ባለቤቴ አዝመራም "አንተ ሰውዬ፣ የተቀጠረችው እሷ ናት" አለችኝ።

አልደወልኩም። ይህም እንደ ድል ይቆጠርልኝ።

ማክሰኞ

ሺራ ከሥራ በቀጥታ ነቬ ኢታማር፣ እኛ ቤት መጣች። ቆማ እየበላች ጠየቀችኝ። "እሺ፣ ቦሪስ ሰማ። ዘመድ እስኪሰበሰብ መናገር አይችልም። ምን ያደርጋል?"

አጎቴን ስናረዳ ያደረግነውን ነገርኳት። ስልኩን ደበቅንበት። ሰው እንዳያገኘው ቀኑን ሙሉ ገበያ ለገበያ አዞርነው። የማይፈልገውን ምንጣፍ ሁሉ አስገዛነው።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ኮሜዲ ነው!"

ተቆጣሁ። ከዚያ ምንጣፉን ተሸክሞ ሲመጣ ታየኝና እኔም ሳቅሁ። ሳሎን ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች።

ረቡዕ

ባማዩ ጊዜ የለም፣ ቀረጻው ነገ ነው አላት። ወይ የስልኩ እንዳለ ይቀረጻል፣ ወይ ክፍሉ ለሌላ ጸሐፊ ይሰጣል።

"እንግዲያው ስሜን አንሱልኝ" ብላው ወጣች።

ሥራዋን ልታጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ግን እውነቱን ልጻፍ፦ ደረቴ ተነፋ።

"ማንን መሰለች?" አለች አዝመራ።

"አንቺን።"

እንደዋሸሁ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐሙስ

ባማዩ ተሸነፈ! ቦሪስን የሚጫወተው ሰውዬ አዲሶቹን ገጾች አንብቦ "የስልኩን አልሠራም፣ ይሄንን ነው የምሠራው" ብሎት ነው። ቀኑን ሙሉ ቀረጹ። ሺራ ድምፅዋ ተዘግቷል፤ በጽሑፍ ብቻ ነው የነገረችኝ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ገና ያልተስተካከለውን ቀረጻ በኮምፒውተሯ አሳየችን።

ቦሪስ እንዳይናገር ዳቦ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ጌጡ ወዳጁ ዝም ሲል ይደነግጣል። "አመመህ እንዴ? ሚስትህ አባረረችህ?" ይለዋል። ቦሪስ ራሱን ይነቀንቃል። ያ ዝምተኛ ሰው ወዳጁን ለማጫወት ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፤ ስለ በቅሎው፣ ስለ ወንድሙ፣ በልጅነታቸው ስለ ሰረቁት ማር። ስለ ወንድሙ ባወራ ቁጥር ቦሪስ ሌላ ዳቦ ይጎርሳል። አዝመራ በሳቅ ወደቀች።

በማለዳ ዘመዶች ይገባሉ። ጌጡ ያያቸዋል፤ ማንም ሳይናገር ገብቶት ቁጭ ይላል። ከሁሉ ጮክ ብሎ የሚያለቅሰው ከበሩ ኋላ የቆመው ቦሪስ ነው። አዝመራ ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋን ጠረገች። እኔ መነጽሬን አወለቅሁ።

ባማዩ ሲቆራርጥ ምኑን እንደሚያስቀር እንጃ። ሺራ ግን እኔን እንጂ ኮምፒውተሩን አታይም ነበር።

"እሺ?"

"ጌጡ ትንሽ ቶሎ ተቀመጠ።"

"ሌላስ?"

ብዙ አሰብኩ።

"ሌላ የለም።"

"እማዬ!" ብላ ጮኸች፣ እናቷ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ። "ሌላ የለም አለ!"